የማይታየው ሥራና የጥልቅ ቦይ ካቦ

ሰው የአንድን ከተማ ሥልጣኔ የሚለካው ዓይኑ ባረፈበት ነገር ነው። ፎቁ ስንት ደርብ አለው፥ መንገዱ ምን ያህል ይሰፋል፥ መብራቱስ እስከ የት ይደርሳል ብሎ ይጠይቃል፤ ከእግሩ በታች ሦስትና አራት ሜትር ወርዶ ስለተቀበረው ቱቦ የሚጠይቅ ግን ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው። ይሁን እንጂ ከተማ የሚፈተነው ከላዩ ብቻ ሳይሆን ከሥሩም ነው። ፈታኙም የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። ይህ ፈታኝ አድልዎ አያውቅም፤ ጉቦም አይቀበልም። በመሬት ውስጥ የተቀበረውን ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ መርምሮ፥ ደህናውን ደህና፥ ክፉውን ክፉ ብሎ ይሄዳል።

ዛሬ ለማንሣት ያሰብነው ስለዚህ ስለማይታየው ሥራ፥ ይልቁንም ሥራውን ከቦዩ አፍ ላይ ቆሞ ስለሚመራው ሰው ነው። ይህ ሰው መሐንዲስ አይደለም፤ አካፋ የያዘ የቀን ሠራተኛም አይደለም። በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። በደብዳቤ ላይ «ፎርማን» ተብሎ ይጻፋል፤ የሥራው ሰው ግን ከጣሊያንኛ በወረስነው ቃል «ካቦ» ብሎ ይጠራዋል። የመሐንዲሱ አሳብ ወደ መሬት የሚወርደው፥ የሠራተኛውም ሕይወት በሰላም ወደ ቤቱ የሚመለሰው በዚህ ሰው እጅ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ነገሩንም በአየር ላይ እንዳናስቀረው አንድ ቦታ ይዘን እንነጋገር፤ ቦታውም በመቀሌ ከተማ ያለው ዓይደር ይሁን።

ዓይደርና ውኃው

መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መቀመጫቸው ካደረጓት ወዲህ እየሰፋች ሄዳ ዛሬ በክፍለ ከተማ ተከፋፍላ የምትተዳደር ሆናለች። ዓይደር ከነዚህ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ብዙው ኢትዮጵያዊ ይህን ስም በመጀመሪያ የሰማው በኀዘን ነው፤ ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በነበረው ጦርነት፥ ከአየር የተጣለ ቦምብ በዓይደር ትምህርት ቤት ወድቆ ሕፃናትና ጎልማሶች ረግፈዋል። ከ10 ዓመት በኋላ፥ በ2000 ዓ.ም.፥ በዚያው በዓይደር ትልቁ ሪፈራል ሆስፒታል ሥራውን ጀመረ። በኀዘን የታወቀው ስም ከዚያ ወዲህ የሕክምናም ስም ሆነ።

እንግዲህ ሆስፒታል ባለበት ሰፈር የፍሳሽ ነገር የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ወደ 500 የሚጠጉ አልጋዎች ያሉት ሆስፒታል በየቀኑ በእያንዳንዱ አልጋ ሒሳብ በመቶ የሚቆጠር ሊትር ውኃ ይጠቀማል። ከማጠቢያው፥ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል፥ ከወጥ ቤቱና ከመጸዳጃው የሚወጣው ውኃ ወደ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። የሚሄድበት ካጣ ራሱ ቦታ ይመርጣል፤ የሚመርጠውም ቦታ ዝቅ ያለውን ጎረቤት ግቢ ነው። ሕመምን ለማዳን የተሠራ ቤት ሕመምን ወደ ታችኛው ሰፈር እንዳይልክ የሚጠብቀው ያ የተቀበረ ቱቦ ነው።

የዝናቡ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። መቀሌ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ብዙ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተሰብስቦ ይወርዳል። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ሄክታር መሬት ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 200,000 ሊትር፥ ማለት 2,000 ኩንታል ውኃ ይሆናል። ቀድሞ ይህን ውኃ ሣሩና የታረሰው አፈር እየተካፈሉ ይጠጡት ነበር። ዛሬ መሬቱ ቆርቆሮ ለብሷል፤ አስፋልትና ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። ያ ዝናብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወርዶ ሁሉም ወደ ታች ቢሮጥ በየሴኮንዱ 55 ሊትር ያህል ነው፤ በየሴኮንዱ ሁለት ትልልቅ ጀሪካን ከመድፋት ይበልጣል። ይህም ከአንድ ሄክታር ብቻ የሚመጣው ነው።

በመቀሌ ሰሜናዊ ወገን የሚፈሰው ውኃ ወደ ኢላላ ይወርዳል፤ ኢላላ ወደ ግባ፥ ግባ ወደ ተከዜ፥ ተከዜም አትባራ ተብሎ ወደ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ በላይኛው ሰፈር ቱቦ ውስጥ የሚገባው ነገር የዚያ ሰፈር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከወንዙ ዳር ከብት የሚያጠጣና አትክልት የሚያለማ ሰው አለ። የዝናቡ ውኃና የመጸዳጃው ውኃ በየራሳቸው ቦይ ይሂዱ የሚባለውም ስለዚህ ነው። ሁለቱ ከተደባለቁ ዝናቡ በበረታ ቀን ቆሻሻው ሁሉ አብሮ ገንፍሎ መንገድ ላይ ይወጣል።

መሬቱን ማወቅ

የካቦ የመጀመሪያ ትምህርቱ አፈር ነው። የመቀሌ አካባቢ መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። የመሬት ጥናት ባለሙያዎች እንደሚሉት ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገሩ በባሕር ተሸፍኖ ነበር። ባሕሩ ትቶት የሄደው ዛሬ እንጣሎ በተባለው ቦታ ስም የሚጠራው የኖራ ድንጋይና በአጉላዕ ስም የሚጠራው በስስ በስሱ የተነባበረው ድንጋይ ነው። በነዚህ መካከል ደግሞ ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የወጣና የጠጠረ ጥቁር ድንጋይ ተሰንቅሮ ይገኛል። ዝቅ ባለውና ሜዳ በሆነው ስፍራ ላይ የአማራ ገበሬ መረሬ፥ የትግራይ ገበሬ ዋልካ የሚለው ጥቁር አፈር ተኝቷል።

እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። ጥቁሩ ድንጋይ በዶማና በዲጅኖ የሚበገር አይደለም፤ ጃክ ሐመር ይፈልጋል፥ ጊዜም ይፈጃል፥ ከተቆፈረ በኋላ ግን ግድግዳው ይቆማል። የኖራ ድንጋዩ ለቆፋሪው ይሻላል፤ ሆኖም ውስጡ ውኃ የቦረቦረው ዋሻ ሊኖር ይችላል። የተነባበረው ድንጋይ እጅግ አታላይ ነው። ሲደርቅ ጠንካራ ይመስላል፤ ውኃ ሲነካው ይላላል፥ ንብርብሩ ወደ ቦዩ ያዘነበለ ከሆነ እንደ መጽሐፍ ገጽ አንዱ ባንዱ ላይ እየተንሸራተተ ይመጣል።

ዋልካው ደግሞ በበጋና በክረምት ሁለት ሰው ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ሸክላ ይደርቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ሲያብጥ ቱቦውን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሲደርቅ ይለቀዋል። በዚህ ዓይነት በየዓመቱ የሚነቀነቅ መገጣጠሚያ አንድ ቀን መከፈቱ አይቀርም። በአገራችን ይህ ጥቁር አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ሸፍኖ ስለሚገኝ ነገሩ የመቀሌ ብቻ አይደለም፤ በአዲስ አበባም በደብረ ብርሃን አካባቢም ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። መድኃኒቱ ጥቁሩን አፈር ከቱቦው ሥርና ጎን አንሥቶ በምትኩ ገረጋንቲና ጠጠር መተካት ነው። ይህ ግን ገንዘብ ያስወጣል። ገንዘብ የሚያስወጣና ሲጨርሱት የማይታይ ሥራ ደግሞ ለመዝለል ይፈትናል። የካቦው ሕሊና የሚመዘንበት አንዱ ስፍራ ይህ ነው።

ካቦው አንድ አካፋ አፈር ሳይነሣ ሌላም የሚያውቀው ነገር ሊኖር ይገባል። ከታች ምን አለ? የመጠጥ ውኃ መሥመር፥ የመብራት ኬብል፥ የስልክ ሽቦ በየት በኩል አልፏል? ካርታ ካለ ይጠይቃል፤ ካርታ ከሌለም፥ ኖሮም ካላመነው፥ ማሽን ከማስገባቱ በፊት በየተወሰነው ርቀት በእጅ የመሞከሪያ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ከሰፈሩ ሽማግሌዎችም ይጠይቃል። «አባ፥ እዚህ ቀድሞ ምን ነበር?» ሲል የድሮ ጉድጓድ፥ የተደፈነ የጎርፍ መውረጃ ወይም የተቀበረ መጸዳጃ የነበረበትን ቦታ ይነግሩታል። በሙሌት አፈር ላይ የተቆፈረ ቦይ ከማንኛውም ቦይ ይልቅ ለመደርመስ የተቃረበ ስለሆነ ይህ የሽማግሌ ወሬ ነፍስ ያድናል።

ቁልቁለቱ ለምን ጥልቅ ያደርገዋል

ብዙ ሰው ቱቦ ለመቅበር እስከዚህ ጠልቆ መቆፈር ለምን ያስፈልጋል ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። የመጠጥ ውኃ በግፊት ስለሚሄድ ዳገትም ይወጣል። ፍሳሽ ግን የሚሄደው በራሱ ክብደት ብቻ ነው፤ ቱቦው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለማቋረጥ ማዘንበል አለበት። በ100 ሜትር አንድ ሜትር ይዘንብል ብንል፥ በሜዳ ላይ 500 ሜትር ለመሄድ 5 ሜትር መውረድ ግድ ነው። ከቤት ደጃፍ በ1 ሜትር ከ20 የተጀመረው ቱቦ መጨረሻው ላይ ከ6 ሜትር በላይ ጠልቆ ይገኛል። ከአንድ ሰው ቁመት ሦስት ተኩል ያህል ማለት ነው።

የቁልቁለቱም ልክ የፈቀዱት አይደለም። ውኃው በሴኮንድ ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ካልሄደ ደቃቁንና አሸዋውን ጥሎት ያልፋል፤ ደለሉም እየተጠራቀመ ቱቦውን ይዘጋል። እጅግ ከፈጠነም ከውኃው ጋር የሚነዳው አሸዋ ቱቦውን ይፍቃል። ካቦው በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ በሲባጎ፥ በውኃ ልክና በተቸከለ እንጨት ሲጠብቅ ኖሯል። በቦዩ አፍ ላይ በልክ የተመቱ ሁለት አግዳሚ እንጨቶች ይቆማሉ፤ ሦስተኛውን ተንቀሳቃሽ እንጨት አንድ ሰው ከታች ይዞ ሲቆም ካቦው ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ ያያል። ሦስቱ በአንድ መሥመር ከገጠሙ ወለሉ ልክ ነው። ዛሬ የጨረር መሣሪያ መጥቶ ሥራውን አቅልሎታል። ሆኖም መሣሪያውም ቢሆን ሰው የነካው እግር ላይ ከቆመ ይዋሻል፤ ስለዚህ ጠንቃቃው ካቦ ጧትና ከሰዓት በኋላ በአሮጌው ዘዴ ያመሳክረዋል።

ሥራው የሚጀመረውም ከታችኛው ጫፍ ነው፤ ወደ ላይ እየተሄደ ይቆፈራል። ይህን ያላወቀ ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ በመሐል ዝናብ ቢጥል ወይም ምንጭ ቢፈነዳ ውኃው በተሠራው በኩል ወርዶ ይሄዳል እንጂ በቆፋሪዎቹ እግር ሥር አይጠራቀምም። የቱቦውም ሰፊ አፍ ሁልጊዜ ወደ ላይ፥ ውኃው ወደሚመጣበት ይዞራል። አቅጣጫ በሚለወጥበትና ቁልቁለት በሚለወጥበት ቦታ ሁሉ፥ ቀጥ ባለው መሥመርም ላይ በየተወሰነው ርቀት ማንሆል ይሠራል፤ በኋላ ቢዘጋ መክፈቻው እሱ ነውና።

ከአፈሩ ክብደት በታች

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ15 እስከ 20 ኩንታል ይመዝናል። የቦይ ግድግዳ ሲደረመስ የሚወርደው አንድ ሜትር ኩብ ብቻ አይደለም፤ ሲወርድም አስቀድሞ አይጮህም። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ራሱ ውጭ ቢሆንም እንኳ ደረቱን አስፍቶ መተንፈስ አይችልም። ጓደኞቹ በአካፋ ሊያወጡት ሲሯሯጡ የሚቆጠሩት ደቂቃዎች ናቸው። የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን በየጊዜው ከሚያስታውቃቸው የአደጋ ዜናዎች መካከል በግንባታ ቦታ አፈር ተደርምሶባቸው የሞቱ ሠራተኞች ዜና ይገኝበታል። ዜናው በሁለት መሥመር ይነበባል። የሟቹ ዕድሜ ይነገራል። ከዚያ ይረሳል።

ይህ ሞት አምላክ ያመጣው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ማስቀሪያው የታወቀ ነው። ቦዩ ከአንድ ሜትር ተኩል ከጠለቀ ግድግዳው በእንጨት ወይም በብረት ይደገፋል፤ ቦታ ካለም ጎኑ ተዳፍቶ ይቆፈራል። የወጣው አፈር ከቦዩ አፍ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፥ ቢቻል አንድ ሜትር ርቆ ይከመራል፤ አለዚያ የራሱ ክብደት ግድግዳውን ይገፋዋል። ከባድ መኪና ከአፉ አጠገብ አይቆምም። መሰላል በቅርብ ይኖራል፤ ሠራተኛው ለመውጣት ከስምንት ሜትር በላይ መሮጥ የለበትም። ጧት ሥራ ሳይጀመር፥ ከዝናብም በኋላ፥ ካቦው ራሱ ዞሮ ግድግዳውን ያያል። በአፉ ዳር እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካየ ሰው አያስወርድም።

ይህን ሁሉ ማወቅ ቀላል ነው፤ ማድረጉ ነው የሚያስቸግረው። ምክንያቱም ድጋፉን ለማቆም ግማሽ ቀን ይፈጃል፥ ግማሽ ቀን ደግሞ ገንዘብ ነው። አሠሪው «ዛሬ ስንት ሜትር ገባ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ዛሬ ስንት ሰው ደህና ወጣ?» ብሎ አይጠይቅም። ዋልካውም በበጋ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ያዘናጋል፤ ሦስት ቀን የቆመ ግድግዳ አራተኛውንም ቀን የሚቆም ይመስላል። ሠራተኛውም ቢሆን ድፍረትን እንደ ወንድነት ይቆጥራል። ሰዓት ደርሶ ሁሉም ከወጣ በኋላ «ካቦ፥ አካፋዬን ረሳሁ፤ አንድ ጊዜ ወርጄ ላንሣ» የሚል ወጣት አይጠፋም። «ተው ወንድሜ፥ አካፋው ይደር» ለማለት ጥንካሬ ያስፈልጋል። አካፋ በገንዘብ ይገዛል።

ሁለተኛው ጠላት አይታይም። ቀድሞ በሚሠራበት የፍሳሽ መሥመር ላይ አዲሱ ሲቀጠል፥ ወይም የቆየ ማንሆል ሲከፈት፥ ከውስጡ የሚወጣው አየር ሊገድል ይችላል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ አለ፤ ሲያንስ ይሸታል፥ ሲበዛ ግን የማሽተትን ኃይል ራሱን ያደነዝዛል። ስለዚህ «ሽታው ጠፍቷል» ብሎ የወረደ ሰው ወደ ሞቱ ወርዷል። ከዚህም የከፋው የሚከተለው ነው። አንዱ ሲወድቅ ጓደኛው ሊያነሣው ይወርዳል፤ ሁለተኛው ሲወድቅ ሦስተኛው ይወርዳል። ርኅራኄ ያለ ዕውቀት ሦስት ቤት ያዘጋል። ሕጉ ግን አጭር ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ አየር ይግባበት፥ በመለኪያ ይመርመር፥ የሚወርደው ሰው ገመድ ይታጠቅ፥ ከላይ ገመዱን የያዘው ሰው ደግሞ ምንም ቢያይ አይውረድ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የሚጠብቅበትን ግዴታ፥ የመከላከያ መሣሪያም የማቅረብ ግዴታ ጥሎበታል። አዋጁ ግን በአዲስ አበባ ታትሞ በቢሮ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከመደርደሪያው አንሥቶ ወደ ቦዩ አፍ የሚያመጣው ሰው ካቦው ነው።

ከተሸፈነ በኋላ ማን ያያል?

ቱቦው ከወረደ በኋላ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር በሚሆን የጠጠር ፍራሽ ላይ ይተኛል፤ በሹል ድንጋይ ላይ የተኛ ቱቦ በላዩ መኪና ባለፈ ቁጥር እየተሰበረ ይሄዳል። ጎንና ጎኑ በስሱ፥ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ እየተሞላ በእጅ ይጠቀጠቃል። ከራሱ በላይ 30 ሳንቲ ሜትር ሳይሸፈን ከባድ መጠቅጠቂያ አይወጣበትም። ከመሸፈኑም በፊት በሁለት ማንሆሎች መካከል ያለው ክፍል ተደፍኖ ውኃ ይሞላል፤ ለግማሽ ሰዓት ያህልም ምን ያህል እንደ ጎደለ ይለካል። ካፈሰሰ ይፈታል፥ እንደገና ይገጠማል።

ይህን ሙከራ ሳያደርጉ መሸፈን ይቻላል። ማንም አያይም። ጉድለቱ የሚታወቀው ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ፥ ተቋራጩ ሒሳቡን ወስዶ ከሄደ፥ ካቦውም ወደ ሌላ አገር ለሥራ ከሄደ በኋላ ነው። መንገዱ መሐሉ ይሰምጣል፤ ቤቱ ይሰነጠቃል፤ ከመጠጥ ውኃው መሥመር አጠገብ ቆሻሻው ይሰርጋል። ከሳሽ የሌለበት በደል ማለት እንዲህ ያለው ነው። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን አጣሪው እሾሁን የሚወጋው ሠሪው ከሄደ በኋላ ስለሆነ፥ ሠሪው ሳይሄድ ማጣራት ያስፈልጋል።

የዓለምም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1858 በጋ የሎንዶን ከተማ በቴምዝ ወንዝ ግማት ተጨንቃ የምክር ቤቱ አባሎች ሥራቸውን መቀጠል እስኪያቅታቸው ደርሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ጆሴፍ ባዛልጄት የተባለው መሐንዲስ በከተማዋ ሥር ታላላቅ የፍሳሽ መሥመሮች አሠራ። ይህ ሰው ወደ ሥራው የሚመጣውን ሲሚንቶ እያስፈተነ የማይሆነውን የሚመልስ ጥብቅ ሰው ነበር። በ1866 ኮሌራ እንደገና ሲገባ ሎንዶንን በሙሉ አልመታም፤ ክፉኛ የተጎዳው ገና ወደ አዲሱ መሥመር ያልተጠቃለለው የምሥራቁ ሰፈር ነበር። ሐኪም ያላቆመውን በሽታ ጡብ የሚደረድር ሰው አቆመው ማለት ነው።

ከሩቅ መሄድ ሳያስፈልገን ደግሞ ላሊበላ አለልን። ከአንድ አለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ የማይደነቅ የለም፤ በዙሪያቸው ስለተፈለፈሉት የውኃ መውረጃ ቦዮች ግን የሚያወራ ጥቂት ነው። ቤተ መቅደሱ ከመሬት በታች ወርዶ ሲቆም ዝናቡ ሁሉ ወደ እሱ እንደሚወርድ ሠሪዎቹ ስላወቁ የሚወጣበትን መንገድ አብረው ፈልፍለዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮ እንደሚገልጸው፥ እነዚህ ቦዮች በ20ኛው ምእተ ዓመት እስኪጠረጉ ድረስ ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተደፍነው ስለነበር፥ ሕንጻዎቹ በውኃ እጅግ ተጎድተዋል። አባቶቻችን ቦይ ማውጣትን ከሌላ አልተማሩም፤ የተረሳው መጥረጉ ነው።

ሰውን መምራት

ካቦ አፈርንና ቱቦን ብቻ አይመራም። ከሥሩ ቆፋሪ፥ ግንበኛ፥ ቱቦ ገጣሚ፥ የማሽን ኦፕሬተርና በባሬላ የሚያግዝ የቀን ሠራተኛ አለ። የቀን ሠራተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከገጠር የመጣ ወጣት ነው፤ ስለ አፈር ብዙ ያውቃል፥ ስለ ጥልቅ ቦይ ግን ምንም አያውቅም። ስዕሉ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ በመቀሌ የሥራው ቦታ ንግግር ትግርኛ ነው፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣው ባለሙያ ደግሞ በአማርኛ ይናገራል። ካቦው ሦስቱን አስታርቆ አንድ ሥራ ማድረግ አለበት። በጩኸትና በስድብ የሚመራ ካቦ ሥራውን ለጊዜው ያስኬዳል፤ ነገር ግን ሠራተኛው ፈርቶት ግድግዳው ሲነቃነቅ እያየ ዝም ይላል። በዚህ ሥራ ዝምታ ይገድላል። «ካቦ፥ ይህ ነገር አላማረኝም» የሚለውን የትንሹን ልጅ ቃል የሚሰማ ካቦ ነው ሠራተኞቹን በሙሉ ቁጥር ይዞ የሚገባ።

እኛም በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ወጣቶች ከዚህ የምንቀስመው አለ። በክፍል ውስጥ የአፈርን ግፊት በቀመር እናሰላለን፤ ይህ መልካም ነው፥ ያለ ቀመር ጥልቅ ሥራ አይሠራም። ነገር ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከቦይ አፍ ላይ የቆመ ሰው አፈሩን በመዳፉ ጨብጦ የሚያውቀውን ነገር በክፍል ያስተማረን የለም። ዲግሪ የያዘው ወጣት መሐንዲስ «ጋሼ፥ እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» ብሎ ቢጠይቅ ክብሩ አይቀንስበትም። ካቦውም በበኩሉ «ልጄ፥ ወረቀቱ ምን ይላል?» ቢል ልምዱ አይነካበትም። ሁለቱ ሲናናቁ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ከታች ያለው ሠራተኛ ነው።

ምን ይደረግ?

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ የነበረው ጦርነት ሰውንም ሥራንም ጎድቷል። የዓይደር ሆስፒታልም መድኃኒት አጥቶ ሐኪሞቹ የተጨነቁበት ጊዜ እንደነበረ ይታወቃል። ሰላም ከወረደ በኋላ የሚታየው የመጀመሪያ ፍላጎት ከላይ ያለውን መጠገን ነው፤ ጣሪያው፥ መስኮቱ፥ መንገዱ። ይህ የሰው ጠባይ ነው፥ አንነቅፈውም። ነገር ግን ከታች ያለው ሳይታይ መንገድ ከተነጠፈ፥ የተነጠፈው መንገድ ነገ ለቱቦ ይቆፈራል። አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ለደሃ አገር የሚያዋጣ አይደለም።

ስለዚህ አራት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ ካቦነት በዕድሜና በዝምድና ብቻ የሚሰጥ መሆኑ ቀርቶ በሙያ ብቃት ምዘና የሚረጋገጥ ይሁን፤ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ቦይ ድጋፍና ስለ ማንሆል አየር በተግባር ያስተምሩ። ሁለተኛ፥ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ በዓይኑ ሳያይና በውኃ ሳይፈተን አንድም ሜትር ቱቦ አይሸፈን። ሦስተኛ፥ የተቀበረው ሁሉ ጥልቀቱና አቅጣጫው በካርታ ተመዝግቦ በከተማው አስተዳደር ይቀመጥ፤ የዛሬ ሃያ ዓመት የሚቆፍረው ልጅ የዛሬውን ሥራ በዲጅኖ እየወጋ እንዳይፈልገው። አራተኛው የሁላችንም ነው፤ ቦይ የቆሻሻ መጣያ አይደለም። በግንቦት የወረወርነው ላስቲክ በሐምሌ ጎርፉን ወደ ጎረቤታችን ቤት ይመልሰዋል።

ጎርፉ መንገዱን ስቶ ወደ ቤት የገባ ቀን ከተማው ሁሉ ስለ ቱቦው ያወራል። ቱቦው ሥራውን የሠራ ቀን ግን ማንም ምንም አይልም፤ ዝናቡ ይጥላል፥ ያባራል፥ ሕፃናቱ ከትምህርት ቤት በደረቅ መንገድ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የካቦው ሽልማት ይህ ዝምታ ነው። ሐውልት ይቁምለት አንልም፤ ነገር ግን በቦይ አፍ ላይ ሲቆም የሚያስፈልገውን እንጨት፥ መሰላልና ግማሽ ቀን አንንፈገው። ይህን ብናደርግ፥ ጧት ስምንት ሆነው ወደ ቦዩ የወረዱ ሰዎች ማታም ስምንት ሆነው ይወጣሉ።